የሕንድ ቅመም ለጀማሪ፦ ከአምስት ቅመምና ከአንድ ድስት ምስር እንነሳ

የሕንድ ምግብ እቤቱ ሊሠራ የሚያስብን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስፈራው የቅመሙ ብዛት ነው። አንዱን የምግብ አሠራር ሲከፍት አሥራ አምስት ዓይነት ቅመም ተደርድሮ ይጠብቀዋል። የግማሹን ስም ሰምቶት አያውቅም። ከዚያ ወይ ነገሩን ይተወዋል፣ ወይ «ካሪ» የሚባለውን ቢጫ ዱቄት ገዝቶ ሁሉም ነገር ላይ ይነሰንሳል። የታሸገው የካሪ ዱቄት እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ የለመዱትን ጣዕም አገራቸው ገብተው በቀላሉ እንዲያገኙት የተዘጋጀ ድብልቅ ነው። ክፉ ነገር አይደለም። ግን ዶሮውም፣ ድንቹም፣ ሽምብራውም አንድ ዓይነት ይሆኑባችኋል።

እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። በአምስት ቅመም ጀምሩ። አብዛኞቹ አሁንም እቤታችሁ ሊኖሩ ይችላሉ። ከዚያ ትኩረታችሁን ሁሉ ቅመሙ ድስት ውስጥ በሚገባበት ሰዓት ላይ አድርጉ። የሕንድ ምግብ ሚስጥሩ ያለው እዚያ ነው።

ከሙንን ብቻ ውሰዱ። በፍሬው የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሞቅ ያለ፣ የተቆላ ሽታ ያወጣል። ተፈጭቶ ከቲማቲም ጋር ሲበስል ከወጡ ጋር ይዋሃድና ለብቻው አይታወቅም። ታምሶ ተፈጭቶ እርጎ ላይ ሲነሰነስ ደግሞ ጭስ ጭስ ይላል። ቅመሙ አንድ ነው፣ ጣዕሙ ሦስት። ይህን በእጃችሁ ሞክራችሁ ካያችሁት በኋላ የትኛውም የሕንድ ምግብ አሠራር ግልጽ ይሆንላችኋል።

ምን እንግዛ?

በሕንድ ሱቅ ማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የሂንዲው ስም ስለሆነ ሁለቱንም አብሬ አስቀምጣለሁ። ከእያንዳንዱ ከ50 እስከ 100 ግራም ይበቃል። ኪሎ አትግዙ፤ ሳታልቁት ሽታው ይሄዳል።

ከሙን፣ በሂንዲ ጂራ። በፍሬው ግዙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ነጭ አዝሙድ ከሙን አይደለም። ነጭ አዝሙድ ሕንዶች አጅዋይን የሚሉት ነው። ጦስኝ ጦስኝ የሚል ኃይለኛ ጣዕም አለው። በከሙን ቦታ አንድ የሻይ ማንኪያ ካስገባችሁት ምግቡን ይውጠዋል። የራሱ ሥራ አለው፤ ፓራታ የሚባለው ቂጣ ሊጥ ውስጥ ይገባል፣ በሽምብራ ዱቄት ተነክሮ በሚጠበስ አትክልት ውስጥም ይገባል። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ካሎንጂ ነው፤ ናን የሚባለው ቂጣ ላይ ተነስንሶ የምታዩት።

ድንብላል፣ ዳኒያ። ይህንንም በፍሬው ግዙና እቤት አምሳችሁ ፍጩት። ቀለል ያለ፣ ወደ ሎሚ የሚያደላ ሽታ አለው። በወጡ ውስጥ ከሁሉም በብዛት የሚገባው እሱ ነው፤ መረቁንም ወፈር ያደርገዋል። ቅጠሉም በዚሁ ስም ስለሚጠራ ሱቅ ስትጠይቁ «ፍሬውን» በሉ።

እርድ፣ ሃልዲ። ሥሩ ደርቆ ሲፈጭ አድካሚ ስለሆነ ይህን በዱቄት ግዙ። ግን ከየትም አትግዙ። በባንግላዴሽና በአንዳንድ የሕንድ ከተሞች ቢጫው እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል መርዛማ ቀለም ተቀላቅሎበት ተገኝቷል። በዓይን መለየት ያስቸግራል። የሚታወቅ አምራች ያሸገውን፣ ቀኑ የተጻፈበትን ምረጡ።

በርበሬ፣ ላል ሚርች። የወጥ በርበሬያችንን ማለቴ አይደለም። የኛ በርበሬ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሌላም ሌላም ገብቶበት የተዘጋጀ ስለሆነ ድስቱን ወዲያው ወደ ወጥ ይወስደዋል። ሚጥሚጣም እንደዚያው። እዚህ የሚፈለገው ምንም ያልተቀላቀለበት ዛላ በርበሬ ነው፤ ጥቂቱ ሳይፈጭ፣ ጥቂቱ ተፈጭቶ። ከሕንድ ሱቅ የምትገዙ ከሆነ «ካሽሚሪ» ወይም «ብያድጊ» የሚለው ቀለሙ ደማቅ፣ ማቃጠሉ ቀለል ያለ ነው። «ጉንቱር» የሚለው ከአንድራ ፕራዴሽ የሚመጣው ነው፤ እሱ ያቃጥላል። ለጀማሪ ካሽሚሪው ይሻላል፤ በድፍረት ብትጨምሩትም ምግቡ ይበላል። በነገራችን ላይ በርበሬ ለሕንድ እንግዳ ነበር። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው፤ ያስገቡትም በ1498 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካሊከት የደረሱት ፖርቱጋሎች ናቸው። ከዚያ በፊት ምግቡን የሚያቃጥሉት ቁንዶ በርበሬና የጥምዝ ዘመድ የሆነው ፒፓሊ ነበሩ።

ሰናፍጭ፣ ራይ። በፍሬው፣ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ የሆነውን።

አምስቱ እነዚህ ናቸው። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ መቼም ከቤት አይጠፉም። ስድስተኛ የምጨምረው ሂንግ ነው፤ ግን እሱ ይቆይ፣ በቦታው እመለስበታለሁ።

ስለ ቅቤ አንድ ነገር። የሕንዱ ጊ ምንም ቅመም የሌለበት የተነጠረ ቅቤ ነው። የኛ ንጥር ቅቤ ኮሰረቱ፣ በሶብላውና ኮረሪማው ስላለበት ስስ የሆነውን የከሙን ሽታ ይሸፍነዋል። ጊ ካላገኛችሁ ለጋ ቅቤ ያለ ቅመም አንጥሩ፣ ወይም ዘይት ተጠቀሙ። በዘይት ከተሠሩ እዚህ የማሳያችሁ ምግቦች በሙሉ የጾም ናቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሙኑን፣ ድንብላሉንና እርዱን መርካቶ ካሉት የቅመም ሱቆች ታገኛላችሁ። የባህረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ላላችሁ ችግር የለም፤ ሉሉን በመሳሰሉ መደብሮች ሙሉ መደርደሪያ የሕንድ ቅመም ነው። አሜሪካ ያላችሁ በ1974 ቺካጎ ውስጥ የተከፈተውና ዛሬ በብዙ ግዛቶች ያለው ፓቴል ብራዘርስ አለላችሁ። እስራኤል ውስጥ ከሕንድ የመጡ አይሁዶች የሚኖሩባት ራምላ የሕንድ ቅመም ሱቆች አሏት። ለንደን ከሆናችሁ ሳውዝሆል ወይም ዌምብሊ ሂዱ። የሕንድ ሱቅ ከተራው ሱፐርማርኬት በዋጋም ይረክሳል፣ ቅመሙም ቶሎ ቶሎ ስለሚሸጥ ትኩስ ነው።

ዕቃና አቀማመጥ

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት፣ ክዳን ያላት ትንሽ መጥበሻ፣ ሙቀጫ ወይም ኤሌክትሪክ የቡና መፍጫ። መፍጫው ለቅመም ብቻ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከሙን የተፈጨበት ላይ ቡና ከፈጫችሁ ቡናው ይነግራችኋል።

በሕንድ ቤቶች ማሳላ ዳባ የሚባል ክብ የብረት ሣጥን አለ። ውስጡ ብዙ ጊዜ ሰባት ትንንሽ ኩባያ አለው፣ አንዲት ትንሽ ማንኪያም አብራ ትቀመጣለች። ጥቅሙ ውበቱ አይደለም። ዘይቱ ሲግል ክዳን ለመክፈት ጊዜ የለም፤ ሁሉም በአንድ እጅ መድረስ አለበት። ዳባ ከሌላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ቅመሙን ሁሉ ለክታችሁ በትንንሽ ሳህን ደርድሩ። ይህን አትዝለሉ። ከሙን ለማረር የሚፈጅበት ጊዜ ቆርቆሮ ለመክፈት ከሚፈጀው ያንሳል።

ፍሬው በደንብ ተከድኖ ከብርሃንና ከእሳት ርቆ ከተቀመጠ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ዱቄቱ ግን ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ለቅመም የመጨረሻው መጥፎ ቦታ ነው፤ ሙቀቱም እንፋሎቱም እዚያ ይወጣል። የድሮ ቅመም ካላችሁ ጥቂት ፍሬ በመዳፋችሁ አሹና አሽትቱት። ሽታው ወዲያው ካልመጣ ድስትም ውስጥ አይመጣም።

አራቱ ሰዓቶች

አብዛኛው የቅመም ጣዕም የሚሟሟው በቅባት እንጂ በውሃ አይደለም። የእርድ ቀለምም፣ የበርበሬ ማቃጠልም በዘይት ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጥሬ ቅመም የሚፈላ ውሃ ውስጥ ብቻ ከጨመራችሁ ጥሬ ጥሬ ይላል። ዘይት ያገኘ ቅመም ግን ሽታውን ለዘይቱ ይሰጣል፤ ዘይቱ ደግሞ ለድስቱ ሁሉ ያዳርሳል።

ከዚህ በመነሳት ቅመም የሚገባባቸው አራት ሰዓቶች አሉ።

የመጀመሪያው ዘይቱ ሲግል ነው። ያልተፈጨ ቅመም ሁሉ፣ ማለትም ከሙን፣ ሰናፍጭ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ከሽንኩርት በፊት ይገባል።

ሁለተኛው ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ከተቁላሉ በኋላ ነው። የተፈጨ ድንብላል፣ የተፈጨ ከሙን፣ እርድና በርበሬ የሚገቡት እዚህ ነው። ዱቄት ቶሎ ያርራል። እሳቱን ቀንሱ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉ፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አማስሉ፣ ከዚያ ቲማቲሙን ወይም ውሃውን ጨምሩ።

ሦስተኛው ከውሃው ጋር ነው። ይህ በዋናነት የእርድ ነው፤ ምስርና ክክ ሲቀቀል አብሮ ይገባል። ረጅም ጊዜ ስለሚፈላ ጥሬነቱ ይሄዳል፣ ቀሪውን ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ዘይት ያወጣዋል።

አራተኛው እሳቱ ሊጠፋ ሲል ነው። ጋራም ማሳላ (ታምሶ የሚፈጭ የቅመም ድብልቅ፤ አሠራሩ በኋላ ይመጣል)፣ የደረቀ የአብሽ ቅጠል፣ ሎሚ፣ የድንብላል ቅጠል እዚህ ይገባሉ። ወጥ ስንሠራ መከለሻ መጨረሻ ላይ የምናደርገው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽታቸው ከእንፋሎት ጋር ስለሚበር ረጅም ጊዜ ከበሰሉ ምንም አይቀርም።

የመጀመሪያው ድስት፦ ምስር

ማሱር ዳል የሚባለው የኛው ቀዩ ምስር ክክ ነው። ለመጀመር ከሱ የተሻለ የለም። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይበስላል፣ የምትጨምሩት ቅመም ሁሉ ይታወቅበታል። ለአራት ሰው ይህን አዘጋጁ፦

አንድ ኩባያ (200 ግራም ገደማ) ምስር ክክ፣ አራት ኩባያ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለማቁላያው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ጊ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን በፍሬው፣ ሁለት ደረቅ ዛላ በርበሬ፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በስሱ የተቆረጠ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ንጹህ በርበሬ።

1. ምስሩን ውሃው እስኪጠራ እጠቡ። አራት አምስት ጊዜ መለዋወጥ ይኖርባችኋል።

2. ምስሩን፣ ውሃውንና እርዱን አንድ ላይ ጣዱ። ሲፈላ የሚወጣውን አረፋ ግፈፉ። ከዚያ እሳቱን ቀንሱና ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ይንተክተክ።

3. ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በኋላ ምስሩ ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ ጨው ጨምሩና በማማሰያ መታ መታ አድርጉት። ከሾርባ ትንሽ ወፈር ይበል። ሲቀዘቅዝ የበለጠ ስለሚወፍር አሁን ቀጠን ቢል ግድ የለም።

እዚህ ላይ አዲስ አበባና ሌሎች ከፍታ ቦታዎች ላይ ላላችሁ አንድ ማስታወሻ። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ስለዚህ የሕንድ ምግብ አሠራር የሚሰጣችሁ ደቂቃ ሁሌም ያንሳችኋል፣ በተለይ ለሽምብራና ለባቄላ። ሕንዶች ይህን ሁሉ የሚቀቅሉት በግፊት ድስት ነው፤ ጊዜውንም የሚቆጥሩት በፉጨት ነው። «ሦስት ፉጨት» የሚል ካያችሁ እሱን ማለታቸው ነው። ምስር ክክ ያለ ግፊት ድስትም ይሆናል፤ ሽምብራ ግን ከፍታ ላይ ያለ እሱ ያሰለቻል።

ታድካ፦ ሙሉ ትኩረት የሚፈልገው ደቂቃ

እስካሁን ያላችሁ የተቀቀለ ቢጫ ምስር ነው። ምግብ የሚያደርገው ታድካው ነው። ቅመም በጋለ ዘይት ተነክቶ፣ ዘይቱ ከነቅመሙ ምግቡ ላይ ይደፋል። በየአካባቢው ስሙ ይለያያል፤ ጉጃራት ቫጋር፣ ማሃራሽትራ ፎድኒ፣ ካርናታካ ኦጋራኔ ይሉታል። አሠራሩ ግን ያው ነው።

ትንሿን መጥበሻ በመካከለኛ እሳት ጣዱና ዘይቱን ጨምሩ። ዘይቱ መጋሉን በግምት አትወስኑ። አንዲት የከሙን ፍሬ ጣሉበት። ዝም ብላ ታች ከተቀመጠች ገና ነው። ወዲያው ከጠቆረች አልፏል፤ መጥበሻውን አንሱና ትንሽ ይብረድ። ዙሪያዋን አረፋ እያወጣች ከተንጨረጨረች ሰዓቱ ደርሷል።

ከሙኑን በሙሉ አስገቡ። ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ደረጃ ጠቆር ይልና ሽታው ይመጣል። አፍንጫችሁን እመኑ፤ ሽታው ዓይናችሁ ከሚያየው ለውጥ ይቀድማል። ወዲያው ዛላውን በርበሬ አስገቡ፤ ያብጥና ቀለሙ ይጠልቃል። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርቱን። ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን እሳቱን አጥፉ። የተፈጨውን በርበሬ የምትጨምሩት እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። የዘይቱ ሙቀት ይበቃዋል፤ እሳት ላይ ካስገባችሁት ያርርና ይመራል፣ ጭሱም ቤቱን በሙሉ ያስለዋል።

አሁን ሳትዘገዩ ምስሩ ላይ ድፉትና ወዲያው ድስቱን ክደኑ። ሁለት ደቂቃ ተከድኖ ይቆይ። የድንብላል ቅጠል ከተፍ ከተፍ አድርጋችሁ ነስንሱ፣ ግማሽ ሎሚ ጭመቁ። በሩዝ ወይም በቂጣ ብሉት። በእንጀራም ይሄዳል፤ ለእንጀራ ግን ምስሩን ወፈር አድርጉት።

ሰናፍጭ የሚገባበት ታድካ ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሰናፍጭ፣ ከዚያ ከሙን፣ ከዚያ ዛላ በርበሬ፣ ከዚያ የካሪ ቅጠል (የዛፍ ቅጠል ነው፣ ከካሪ ዱቄቱ የተለየ) ካለ፣ መጨረሻ ላይ ሂንግ። ሰናፍጭ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ሲግል እየተንጣጣ ከመጥበሻው ይዘላል፤ ስለዚህ ክዳኑን ያዙ። መንጣጣቱ ረገብ ሲል ቀጣዩን አስገቡ። ያልተንጣጣ ሰናፍጭ መራራ ነው፣ የተንጣጣው ግን ለስላሳ ነው። አፍንጫ የሚሰነጥቀው የአዋዜ ሰናፍጭ ኃይል እዚህ አይመጣም። ያ ኃይል የሚፈጠረው ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ነው፤ የጋለ ዘይት ያንን ሂደት ገና ሳይጀመር ያቆመዋል።

ሂንግ ማለት ከፌሩላ ተክል ሥር የሚወጣ የደረቀ ሙጫ ነው። ጥሬውን ስታሸቱት ትሸሻላችሁ። ዘይት ሲነካው ግን ወደ ተቁላላ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጣዕም ይለወጣል። በሃይማኖታቸው ምክንያት ሽንኩርት የማይበሉ ሕንዶች፣ ለምሳሌ ጄይኖች፣ በሱ ነው የሚተኩት። ሕንድ ይህን ያህል እየበላችው ለብዙ ዘመን ከአፍጋኒስታንና ከኢራን ስታስገባው ኖራለች፤ በአገሯ ለማልማት በሂማቻል ፕራዴሽ ተራሮች ችግኝ መትከል የጀመረችው በ2020 ነው። የአንድ ቁንጥር ግማሽ ይበቃል፤ ዘይት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰከንድ። የሚሸጠው ዱቄት ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ስለሆነ ስንዴ የማይስማማችሁ ማሸጊያውን አንብቡ። ስታስቀምጡት ደግሞ በሁለት ክዳን አሽጉት።

ድንች በከሙን

ምስሩ ከተሳካ ቀጣዩ ጂራ አሉ ነው፤ ቀላል ነው። ግማሽ ኪሎ ድንች ቀቅሉ፣ ልጡ፣ ቁረጡ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉና አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ከሙን አንጨርጭሩ። የተከተፈ ዝንጅብልና ቃሪያ ጨምሩ። እሳቱን ቀንሳችሁ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ ትንሽ በርበሬ ጨምሩ፤ ወዲያው ድንቹን አስከትሉ። ጨው አድርጉና ጠርዙ ጠበስ እስኪል ሳታበዙ አገላብጡ። ሎሚ ጭመቁ። ይኸው ነው።

ማሳላ፦ የወጡ መሠረት

ከዚህ በኋላ ያለው ትልቁ ትምህርት የሽንኩርትና የቲማቲም መሠረት ነው። የሰሜን ሕንድ ወጥ አብዛኛው በዚህ ይቆማል። ወጥ የሚሠራ ሰው ግማሹን መንገድ ያውቀዋል፣ ግን ሦስት ልዩነት አለ። እኛ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እናቁላላለን፤ እነሱ ከመጀመሪያው በዘይት ይጠብሱታል። እኛ ሽንኩርቱ ቀልጦ እንዲጠፋ እንፈልጋለን፤ እነሱ ወርቃማ ቡናማ እስኪሆን ይጠብቃሉ፣ የወጡ ጣፋጭነት ከዚያ ይመጣል። እኛ በርበሬውን ረጅም ሰዓት እናበስላለን፤ እነሱ ዱቄቱን ግማሽ ደቂቃ ብቻ ያቆዩትና ቲማቲሙን ይጨምራሉ።

በሽምብራ እንሥራው። ቻና ማሳላ ይባላል። አንድ ኩባያ ተኩል ሽምብራ ሌሊቱን ነክራችሁ እስኪለሰልስ ቀቅሉ፤ የተቀቀለበትን ውሃ አትድፉት።

አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ አንድ ትንሽ ስንጥር ቀረፋና ሁለት ቅርንፉድ አስገቡ። ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ ጨምሩና መካከለኛ እሳት ላይ አቁላሉ። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ቸኩላችሁ እሳት አትጨምሩ። ሽንኩርቱ ቡናማ ሲሆን አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። ጥሬ ሽታው ሲጠፋ እሳቱን ቀንሱና ሁለት የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ አንድ የተፈጨ ከሙን፣ ግማሽ እርድ፣ አንድ በርበሬ ከጥቂት ውሃ ጋር አስገቡ። ግማሽ ደቂቃ። ከዚያ ሦስት የተፈጨ ቲማቲምና ጨው።

አሁን መታገሥ ነው። ቲማቲሙ ውሃውን ጨርሶ፣ ድልህ መስሎ፣ ዘይቱ በጠርዙ በኩል እስኪለይ አብስሉ። አሥር ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ዘይቱ ካልለየ ማሳላው አልበሰለም፤ የምትጨምሩት ሁሉ ጥሬ ቲማቲም ጥሬ ቲማቲም ይላል። ከዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ሽምብራውን ከአንድ ኩባያ ተኩል የተቀቀለበት ውሃ ጋር ጨምሩ፣ ጥቂቱን ፍሬ በማማሰያው ጀርባ ጨፍልቁ፣ 15 ደቂቃ ይንተክተክ። መጨረሻ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጋራም ማሳላና ሎሚ። በሽምብራው ፋንታ ድንችና አበባ ጎመን፣ አተር፣ ዶሮ ብታስገቡም መሠረቱ ያው ነው።

ጋራም ማሳላ እቤት

የታሸገውም ይሠራል፣ የቤቱ ግን ይበልጣል። አንድ ትንሽ ብልቃጥ ለሚሞላ፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ ሁለት ከሙን፣ አንድ ቁንዶ በርበሬ፣ አሥር ሄል ከነልጡ፣ ስምንት ቅርንፉድ፣ አንድ ጣት የሚያህል ቀረፋ። በደረቅ መጥበሻ፣ በዝቅተኛ እሳት፣ ለየብቻ አምሱ፤ መጠናቸው ስለሚለያይ አንድ ላይ ካደረጋችሁት ከሙኑ ሲያርር ቀረፋው ገና ይሆናል። ሞቅ ብሎ ሽታው ሲወጣ በቂ ነው፣ መጥቆር የለበትም። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝና ይፈጭ። ካሽሚር ድንብላሉን ትተው ደረቅ ዝንጅብልና የእንስላል ፍሬ የሚጨምሩ አሉ። ስለዚህ በልኩ ተጫወቱ።

ሄልንና ኮረሪማን አታምታቱ። ዘመዳሞች ናቸው፣ ሽታቸው ግን ለየቅል ነው። ለሻይ፣ ለሩዝ ወተትና ለጣፋጭ ሄል ብቻ ተጠቀሙ። ሕንዶች በእሳት ጭስ የሚያደርቁት ትልቅ ጥቁር ሄልም አላቸው፤ ለፒላው ሩዝ እሱን ካጣችሁ ጥቂት ኮረሪማ ብታደርጉ አይከፋም።

ሲበላሽ

ታድካው ካረረ ድፉትና እንደገና ጀምሩ። የተቃጠለ ከሙን መድኃኒት የለውም፤ ያጣችሁት ግን ሦስት ማንኪያ ዘይት ነው፣ ምስሩን አታበላሹት። ምግቡ መድኃኒት መድኃኒት ካለ እርድ በዝቷል፤ ለአንድ ድስት ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አትለፉ። ከመረረ ብዙ ጊዜ አብሽ ነው፤ ፍሬው ከወርቃማ ካለፈ ይመራል፣ ለአንድ ድስት ከስምንት አሥር ፍሬ አይበልጥም። ቅመሙ ሁሉ ገብቶ ምግቡ ጣዕም የለሽ ከመሰላችሁ ቅመም ከመጨመራችሁ በፊት ጨውና ሎሚ ቅመሱ። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ጎምዛዛው ነው። ሕንዶች ለዚህ ሎሚ፣ ከደረቀ ጥሬ ማንጎ የሚፈጭ አምቹር፣ ወይም ሁመር ይጠቀማሉ።

ከዚያ ወዴት?

አንድ አካባቢ ምረጡና እዚያ ቆዩ። ወደ ቤንጋል ከሄዳችሁ ፓንች ፎሮን አለ፤ ከሙን፣ ሰናፍጭ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና የእንስላል ፍሬ ሳይፈጩ የሚደባለቁበት። አምስቱም ለኛ አዲስ አይደሉም። ያንኑ ምስር በከሙን ፋንታ በአንድ የሻይ ማንኪያ ፓንች ፎሮን ታድካ ብታደርጉት ሌላ ምግብ ይሆናል።

እኔ ግን ለጀማሪ ደቡቡን እመርጣለሁ፣ በተለይ ፖርያል የሚባለውን የታሚል ናዱ የአትክልት ምግብ። በሥራ ቀን ማታ በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ አንጣጡ፣ ሁለት ዛላ በርበሬና ከተገኘ አሥር የካሪ ቅጠል ጨምሩ፤ ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ ይረጫል፣ ፊታችሁን ዞር አድርጉ። በቀጭኑ የተከተፈ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድና ጨው አስገቡ። ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ክደኑት፣ ስምንት ደቂቃ። ጎመኑ ሲለሰልስ፣ ግን ገና ሲኮረሸም፣ ክዳኑን አንሱና ውሃውን አድርቁ። እሳቱን አጥፍታችሁ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተፋቀ ኮኮናት ነስንሱበት። ኮኮናት ካላገኛችሁ ያለ እሱም ይበላል።